እንቅልፍ የነሳችው ሞተር

ጀሊል ሞተር ሳይክል ልሠራ ነው ሲል የሮቤ ከተማ ሁለት ጊዜ ሳቀበት። መጀመሪያ የሰማ ዕለት፣ ቀጥሎ ያየ ዕለት።

የሚያስቅ ነገር አልጠፋም። ሻሲዋ ከአንድ ሞተር፣ የቤንዚን ሰርባቶዮዋ ከሌላ፣ የፊት ጎማዋ ደግሞ ከሦስተኛ የመጣ ነው። መቀመጫዋን ከተጣለ የአይሱዙ ወንበር ቆርጦ የሰፋው ራሱ ጀሊል ነው። ከቤቱ ጎን ባለችው የቆርቆሮ ጋራዥ የሰው መኪና ሲጠግን ዕድሜውን የፈጀ ሰው፣ አሁን አንድ የራሱ ነገር አማረው።

ከዚህ በፊት ገዝቶ የነዳቸው ሁለት ሞተሮች የሰነቴ ዳገት ላይ ቆመውበታል። እዚያ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሰውም ሞተርም እኩል ያለከልካል። ጀሊል ግን ሰነቴን ወጥታ ማዶ ያለችው ሪራ መንደር የምትወርድ ሞተር ካልሠራሁ ጀሊል አይደለሁም አለ፤ ያውም ሰው ፊት። እሱ ደግሞ አንዴ አፉን ሞልቶ ከተናገረ መመለሻ የለውም።

«እሷ ዛሬ ትነሳለች፣ እሷ ነገ ትነሳለች! የሰማህ ሰው ሁለተኛ ሚስት አገባ ነው የሚልህ» ትለዋለች ሚስቱ ሞሚና።

ጣጣው ጩኸቷ ነበር። ማርሚታ ገና ስላልተገጠመላት፣ በተነሳች ቁጥር የጎረቤቱ ቆርቆሮ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ጎረቤቱ ደግሞ ባለሱቁ ዘይነዲን ነው።

«ጀሊል! ይህን ቁርጥራጭህን ከግቢህ አውጣልን» አለው አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ። «አለዚያ ሽማግሌ እልክብሃለሁ!»

«ሽማግሌ አይደለም፣ ሠራዊት ላክ!»

ከዚያ ወዲያ ጀሊል ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሥራውን ቀጠለ። እንዲያውም ከበፊቱ አብልጦ ያስጮኻት ጀመር። ዘይነዲን በሽማግሌ ፈንታ ልጁን ቀመርን ሰላይ አድርጎ ላከበት። ቢያንስ ጀሊል የጠረጠረው እንዲያ ነው። ቀመር መምህር ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አጥሩ ጋ መቆም አመል ሆነበት።

«እንዴት ዋሉ ኦቦ ጀሊል? ዛሬም አልወጣችም?» ይላል፣ ዓይኑን ወደ ጋራዡ እየላከ።

ጎባ ከተማ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው የጀሊል ልጅ ሰቢሪና፣ ከሥራ መልስ ቁልፍ እያቀበለች ታግዘዋለች። «አባ፣ ተወው እንጂ፣ ምን አደረገህ?» ትለዋለች።

«አንቺ የዋህ ነሽ። ለአባቱ ወሬ ሊያቀብል ነው የሚገተረው።»

ሰቢሪናም አንገቷን ደፍታ ካንዴላውን ትጠርጋለች።

አንድ እሑድ ሞሚና ግቢውን ጠርጋ፣ ውሃ ረጭታ ስትጨርስ ወደ ጋራዡ መጣች።

«ዘይነዲን ሽማግሌ ልኳል፤ እየመጡ ነው። ልብስህን ቀይር።»

«ለዘይነዲን ሽማግሌ ነው ልብስ የምቀይረው? በግራሶ እንደተጨማለቅሁ ያግኙኝ!»

«ኧረ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርህ...»

«የላከው ሰው ይንገረኝ! ለመሆኑ አንቺ የማን ወገን ነሽ?»

ሞሚና እጇን አራግፋ ገባች። ሰቢሪናም ቁልፉን አስቀምጣ እናቷን ተከተለች። ጀሊል ከፋው። በዚህ ቀን ጥለውት መሄዳቸው አንጀቱን አቃጠለው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ከፊት የሚመሩት ሐጂ አብዱልመሊክ ነበሩ፤ ጀሊል እሳቸውን አብልጦ ያከብራል። ዘይነዲን ይህን አውቆ ነው የላካቸው፣ አለ በሆዱ። ሰላምታ ተለዋወጡ። ወንበር ቢያቀርብላቸውም አልተቀመጡም።

«የመጣነው በዘይነዲን ስም ነው» አሉ ሐጂ። «ለምን እንደመጣን ሳታውቅ አትቀርም።»

«አውቃለሁ ሐጂ። ከዚህ ግቢ አውጣት ሊሉኝ ነው።»

ሐጂ ጢማቸውን ዳበሱ። «እንግዲህ... ዞሮ ዞሮ ነገሩ እሱው ነው። በእሷ ምክንያት ቀመር እንቅልፍ አጥቷል።»

«እንቅልፍ ካጣ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ይወትፍ!»

«ጥጥ የሚያቆመው ነገር አይደለም ልጄ። አባቱም መጀመሪያ ይቆጣ ነበር፤ የልጁን ሁኔታ ሲያይ ነው ወደ እኛ የመጣው።»

ጀሊል አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረበ። «ሐጂ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን እሷን እዚህ ለማድረስ የለፋሁትን ዘይነዲን ያውቀዋል?»

«ልፋትህን አገር ያውቃል። ባናውቅማ ደጅህ ላይ አንቆምም ነበር።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ሸፋፍኜ፣ በር ዘግቼ ላስቀምጣት?»

«ኧረ ማን እንዲያ አለ!» ሐጂ ደነገጡ። «ትውጣ ነው የምንለው።»

«ትወጣለች! ግን ተደብቃ አይደለም! ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጡሩንባ እያስነፋሁ፣ ከተማው ሁሉ እያየ አወጣታለሁ! ዘይነዲንም ልጁን ይዞ ይምጣና ይይ!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ቅዳሜ?» አሉ ሐጂ። «አልፈጠነም?»

«ቅዳሜ ብያለሁ፣ ቅዳሜ ነው! ሰነቴን አቋርጣ ሪራ ትገባለች!»

«ሪራ እንኳ ይርቃል» አሉ ሦስተኛው ሽማግሌ በቀስታ።

«ሪራ ካልደረሰችማ ምኑን ወጣች!»

የሐጂ ፊት በራ። «አልሐምዱሊላህ!» አሉና ተቀመጡ። ሁለቱም ተከትለዋቸው ተቀመጡ። መዳፋቸውን ዘርግተው ፋቲሃ አነበቡ፤ ጀሊልም አብሯቸው አንብቦ አሚን አለ።

የልብ ልብ ተሰማው። ሽማግሌ ልኮ የተረታ ሰው፣ ከእንግዲህ በአጥር ላይ ብቅ የሚለው በምን ፊቱ ነው? ሞተሯን ዞር ብሎ አያት። ደስ አለው፤ ማልቀስ ሁሉ አማረው። ከቤት ውስጥ የሞሚና እልልታ ሲሰማ፣ ሚስቱም በመጨረሻ ወደ እሱ ወገን የተመለሰች መሰለው።

«እንግዲህ ጀሊል» አሉ ሐጂ አብዱልመሊክ፣ «የልጆቹ ኒካ ለቅዳሜ ከሆነ፣ ሰቢሪናን ጥራትና የምትጠይቀውን መህር ከራሷ አፍ እንስማ።»