ጠጣር አይቆጠርም

የኬሚስትሪ መምህሯ ሰሌዳው ላይ የኖራ ድንጋይ የያዘ ዝግ ዕቃ ሣለች።

«ድንጋዩ በኃይል ሲሞቅ ጋዝ ይወጣዋል። የሚወጣውና የሚመለሰው ጋዝ እኩል ሲሆን የሚገኘውን የሚዛን ቋሚ ቁጥር ስታሰሉ ግን የምታስገቡት ጋዙን ብቻ ነው። ጠጣር አይቆጠርም።»

«ታዲያ ድንጋዩ ከሌለ ጋዙ ከየት ይመጣል?» አለቻት ከፊት የተቀመጠች ተማሪ።

«መኖሩማ ግድ ነው። ብቻ አይቆጠርም።»

«ክዳኑ ቢከፈትስ?»

ደወል ተደወለ፤ መምህሯ ሰሌዳውን አጥፍታ ወጣች።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ መምህሯ የምትወደው ሰው የላካቸው ሽማግሌዎች አባቷ ፊት ቆሙ። እህቶቿ ሁሉ ተድረው ወጥተዋል፤ እናቷ ከሞቱ ወዲህ አባቷን የምታበላቸውም የምታጥብላቸውም እሷ ናት።

«ልጆቼን እንደሆነ ድሬ ጨርሻለሁ» አሉ አባቷ።

«ይቺስ?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ፣ ወንበር ይዛ ወደቆመችው ወደ እሷ እያመለከቱ።

«እሷማ የቤት ናት።»

ሽማግሌዎቹ ቢለምኑ ቢለምኑ እሺ ስላላሏቸው፣ እንደቆሙ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። እሷ ወንበሩን እንደያዘች ቀረች። አባቷ ጋቢያቸውን ሳብ አደረጉ።

«በሩን ዝጊው እንጂ፣ ብርድ ገባ!»

«እሺ፣ አባባ» አለች። ወንበሩን አስቀምጣ በሩን ዘጋችው፤ ከውጭ በኩል።