የመርዶ ፈተና

እናትየው ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ውጭ አገር ነርስነት የምትማረው ልጇ ፈተና ወድቃ ነው የደወለችው፤ የወደቀችውም ለሰው አዝና ነው።

«ሚስቱ የሞተችበት መስሎ የሚተውን ሰውዬ ፊቴ አስቀምጠው ንገሪው አሉኝ። እኔ ‹ትንሽ አሟታል› አልኩት።»

«ታዲያ ምን አጠፋሽ?»

«መምህሯ ‹ሞታለች በይው! ዓይኑን እያየሽ!› ብላ ተቆጣችኝ። እዚህ መደበቅ ውሸት ነው እማዬ።»

«ወይ ጉድ! እንዲህማ ለጠላትም አይነገር።»

ከልጅቷ ጀርባ የሆስፒታል መሣሪያ ጢጥ ጢጥ ይላል። ሰሞኑን ሁልጊዜ ከልምምድ ቦታ ነው የምትደውለው።

«ወንድምሽስ?»

«ጋሼ ሥራ በዝቶበት ነው።»

ስልኩ ሲዘጋ የእናትየው ሳቅ አብሮ ጠፋ። ታላቁ ልጇ እዚያው አገር ሹፌር ነው። ድሮ በየእሑዱ ሳይደውል አይውልም ነበር፤ አሁን ድምፁ ከራቃት ሰነበተ። ሚስት አግኝቶ ይሆናላ! የሰው አገር ልጅ ይቀማል። ያም ሆኖ ስትጸልይ ስሙን ከእህቱ ታስቀድማለች።

ልጅቷ እንደገና ስትደውል ድምፅዋ ሻክሯል። ጢጥ ጢጡ የለም።

«ጉንፋን ነው» አለች። «ፈተናውን ደግሜ አለፍኩ።»

«ሞታለች አልሽው?»

«ዓይኑን እያየሁ።»

ይቺንም ድንጋይ አደረጉብኝ፣ አለች እናትየው በልቧ።

«ያን ወንድምሽን ‹የወለደች እናት አለችህ› በይልኝ። እኔ ስሞት እንኳ ይመጣ ይሆን?»

ልጅቷ አፍንጫዋን ሳብ አደረገች። ከዚያ፣ «እማዬ… በእኛ አገር ለእናት መርዶ እንዴት ነው የሚነገራት?»

እናትየው ደስ አላት። ተመስገን፣ አልረሳችም!

«በስልክማ በፍጹም! ሰው ይላካል፤ በጠዋት። እሪ ባይ አይቅደም። እኔ ብሆን የሰፈራችንን ባለሱቅ ነው የምመርጠው፣ ልበ ጠንካራ ናት። ደግሞ እህል ሳትቀምስ እንዳይነግሯት፤ ባዶ ሆድ ሐዘን አይችልም። መጀመሪያ ቁርስ መብላቷን ይጠይቋት።»

«እሺ እማዬ።»

«ያቺን መምህርሽንም አስተምሪያት!»

«እሺ» አለች ልጅቷ። ጉንፋኑ የቀረውን ድምፅዋን ዋጠው።

በማግስቱ እናትየው ጸሎቷን አድርሳ ሻይ እንደጣደች በሩ ተንኳኳ። ባለሱቋ ናት። ክረምት ከበጋ በዚህ ሰዓት ሱቋን ዘግታ አታውቅም። ከኋላዋ ጎረቤቶች መሬት መሬት እያዩ ቆመዋል።

«እትዬ» አለች ባለሱቋ፣ «ቁርስ በልተዋል?»