አራተኛው ድራይቨር

የኮምፒውተር ባለሙያው ዘሩባቤል ስካነሩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም፣ አራተኛውን ድራይቨር፣ ጭኖ ሲጨርስ አምቦ ከተማ ባለው የጽሕፈት ቢሮ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዓይናቸውን ስካነሩ ላይ ተከሉ። ኮምፒውተሩ አዲስ፣ ስካነሩ ደግሞ ጡረታ የሚገባው ስለነበር፣ የቀደሙት ሦስት ድራይቨሮች ሁለቱን ማግባባት አቅቷቸው ነበር። ባለጉዳዩ ኦቦ ተሻለ ከሸነን ከተማ ይዘውት የመጡት የመሬት ደብተር ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት በኢሜይል ካልተላከ ይግባኛቸው ውድቅ ይሆናል።

ጸሐፊዋ እትዬ መንበረ ስካነሩን ማንም እንዲነካባቸው አይፈቅዱም ነበር። በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል ከላዩ አንስተው፣ ደብተሩን አስገብተው፣ ክዳኑን ገጠሙና "በል ተጫነው" አሉት። ዘሩባቤል ስካነሩ በስክሪኑ ተከልሎበት እንደተቀመጠ ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ እያቃሰተ ብርሃኑን ከዳር እስከ ዳር ጎተተ። "ሠራ!" ብሎ ከወንበሩ ተነሣ፤ ወዲያው ግን ተመልሶ ተቀመጠ። ስክሪኑን የሞላው አበባ ነበር። የደብተሩ ጽሑፍ በአበቦቹ ቀዳዳ እየሾለከ ይታያል።

"ይሄም ድራይቨር የሱ አይደለም" አለ በደከመ ድምፅ። "አምስተኛ ልፈልግ።"

ኦቦ ተሻለ አንገታቸውን አስግገው አዩ። "ኤ! ይሄማ ዳንቴል ነው።"

"ታዲያሳ!" አሉ እትዬ መንበረ ክዳኑን በኩራት ከፍተው። "መስታወቱ እንዳይጫር ከውስጥም አልብሼዋለሁ።" ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። "ሳታጠፋው አንድ ቅጂ አትምልኝማ፤ ጎረቤቴ ናሙናውን ስትለምነኝ ዓመቷ ነው።"

ዘሩባቤል የግድግዳውን ሰዓት አየ። ለስድስት ሰዓት ስምንት ደቂቃ ይቀር ነበር። ኦቦ ተሻለም ሰዓቱን አዩ።

"ሁለት አድርገው፣ ልጄ" አሉ። "ባለቤቴም ዳንቴል ትሠራለች።"