መሪጌታ ይርሳው ፒያኖ ሲሰሙ

አምለሰት ከዜማው ያችው ቦታ ላይ ስትደርስ ለአራተኛ ጊዜ ጣቷ ሳተ፤ ለአራተኛ ጊዜም እጆቿን ሰብስባ ከመጀመሪያው ልትነሣ ተመቻቸች።

«ምነው?» አሉ አባቷ መሪጌታ ይርሳው። የተማሪ አግዳሚ ወንበር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። «መልካም እየሄድሽ አልነበር እንዴ?»

«ተሳስቼ እኮ ነው፣ አባየ።»

«እኔስ አልሰማሁም።»

«እኔ ሰምቻለሁ።»

ፒያኖው በንጉሡ ዘመን ፍኖተ ሰላም ያስተማሩ ፈረንጆች ለትምህርት ቤቱ ትተውት የሄዱት ነው። ደርግ መጥቶ ሄዷል፤ ኢሕአዴግም ከገባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ፒያኖው ግን እዚያው ትምህርት ቤቱ መጋዘን ውስጥ ከተሰባበረ ዴስክ ጋር አቧራ ይጠጣል። አምለሰት አንዲት ህንዳዊት አስተማሪ እያሳየቻት ጣቷን የፈታችው በዚህ ነው። ከዚህ ተነሥታ አዲስ አበባ ሙዚቃ ተማረች፣ ከዚያ ቡልጋሪያ ገባች፤ ስንቱን መድረክ አየች! አሁን ግን ሦስት ኮንሰርት ላይ ተሳስታ፣ ሰው ፊት መሀል ላይ አቁማ እንደ አዲስ ጀምራለች። የፊታችን ቅዳሜ አዲስ አበባ ላይ ከደገመችው ሌላ የሚጠራት እንደሌለ የኮንሰርቱ አዘጋጅ ሳይሸፋፍን ነግሯታል። ፍኖተ ሰላም የመጣችውም «ትቼዋለሁ» ልትል ነበር። አባቷ ናቸው እንግዲህ፣ «ሳልሰማውማ አትተይውም» ብለው ዘበኛውን ለምነው መጋዘኑን ያስከፈቱት።

«እሽ፣ እዚያ ቡልጋሪያ ፈረንጆቹስ ሲሳሳቱ ምን ያደርጋሉ?» አሉ።

«ያልፉታላ። ሰው ሳያውቅባቸው ወደፊት ይሄዳሉ።»

«ስሕተቱን እንደያዙ?»

«እንደያዙ።»

«እግዚኦ!» መሪጌታ አማተቡ። «መምህራቸውስ ዝም ይላል?»

«‹ጎበዝ!› ይላል እንጂ።»

ሳቋ መጣ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። «ታዲያ አንችን ይህን ማቆም ማን አስለመደሽ?»

አምለሰት ዓይኗን ፒያኖው ላይ ተከለች። የቡልጋሪያው መምህሯም ይህንኑ እየጮኸ ጠይቋት ነበር። ምን ትበል? አባቷ አርባ ዓመት ሙሉ ድጓ ሲያስተምሩ፣ ተማሪው አንዲት የዜማ ምልክት ከሳተ «ተመለስ!» ብለው ከሥሩ ያስጀምሩታል፤ ሠላሳ ጊዜም ቢሆን። «ሴት ልጅ ዜማ ምን ሊያደርግላት ነው?» ብሎ አገር ሲያማቸው፣ እሷንም ከወንዶቹ እኩል አስቀምጠው አስተማሯት። «ተመለሽ!» ያሏትን ብዛት አንድዬ ይወቀው።

ቀና ብላ ሳታያቸው ስትቀር መሪጌታ ገባቸው።

«እኔ ነኛ!» አሉ።

«የለም፣ አባየ…»

«ተይ፣ አትዋሽኝ።»

ልትቆጣቸውም፣ ልታቅፋቸውም ፈለገች። «ይህን ጆሮ የሰጡኝ እኮ እርስዎ ነዎት» አለች።

«ጆሮውንስ ሰጠሁሽ። እጅሽን ግን አሰርሁት።» ተነሥተው አግዳሚውን ወደ ፒያኖው እየጎተቱ አስጠጉና ተቀመጡ። «በይ ጀምሪ። ስትሳሳች እለፊው።»

«አይሆንልኝም።»

«እኔ ነኝ የምልሽ!»

ጀመረች። እስከዚያች ቦታ ድረስ ጣቶቿ መንገዱን ያውቁታል። ደረሰች፤ ሳተችም። አባቷ ለካ አራት ጊዜ ሲደጋገም ዜማውን በቃላቸው ይዘውት ኖሯል፤ የአሁኑን ስሕተት ሰሙት። ትንፋሻቸው ቁርጥ ሲል፣ አግዳሚውም ሲንቋቋ አምለሰት ጆሮ ገባ። አሁን «ተመለሽ!» ሊሏት ነው። እጇ ሊነሣ ምንም አልቀረውም። ሰረቅ አድርጋ አየቻቸው።

መሪጌታ ይርሳው በሁለት እጃቸው አፋቸውን ግጥም አድርገው ይዘዋል፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

አምለሰት ቀጣዩን መታች፣ ከዚያም ቀጣዩን። ዜማው እስኪያልቅ ድረስ እሳቸው አፋቸውን አልለቀቁም።