የሚያምረው ሰፈር

ሴትዮዋ ከምድር ቤቷ ፍሳሽ ስትቀዳ የዋለችበትን ቦት ጫማ ሳታወልቅ መጥታ፣ በአዲሱ የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ነጭ ወለል ላይ ቆመች። ከፊቷ ያለው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ስክሪን ነበር፤ የከተማው ካርታ በጥቁር ላይ ተዘርግቶበታል። ቤቱ ጎርፍ ወይም ፍሳሽ የገባበት ሰው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ደውሎ አቤት ባለ ቁጥር፣ በሰፈሩ ላይ አንዲት ሰማያዊ ጠብታ ወርዳ እንደ አበባ ትፈካለች። የሀብታሞቹ ሰፈሮች ጨለማ ነበሩ። የእሷ ሃርግሮቭ ጎዳና ግን ቦግ ብሎ በርቷል።

«የእርስዎ ሰፈር የቱ ነው፣ እማማ?» አላት ካርታውን እንደ ሥዕል ሠርቶ ዛሬ በእንግዶች ፊት የሚያስመርቀው ወጣት ሠዓሊ፣ የወይን ብርጭቆውን እንደያዘ።

በጣቷ አሳየችው።

«ታድለዋል! ከሁሉም የሚያምረው እኮ እሱ ነው።»

ደሟ ፈላ። «ስድስት ዓመት ለፍተንበታል» አለችው፣ ጥርሷን ነክሳ። ከዚያ ስልኳን አውጥታ በቃሏ የያዘችውን የአቤቱታ ቁጥር ደወለች።

«ያችው የሃርግሮቭ ጎዳናዋ ነኝ። የሽንት ቤት ፍሳሽ ምድር ቤቴን ሞልቶታል። አዎ፣ ዛሬም!»

ወዲያው ከግድግዳው አናት አንዲት ጠብታ ቁልቁል ወርዳ ሃርግሮቭ ላይ ፈካች። እንግዶቹ ብርጭቋቸውን እያስቀመጡ አጨበጨቡ።

«ምንድን ነው የሚጨበጨበው?» አለች ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ። «ሰርግ ላይ ነዎት እንዴ?»

«የምን ሰርግ!» አለች ሴትዮዋ፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ። «ፍሳሼን ወደውልኝ ነው!»