የዓይን ስህተትና የቁም ቅዠት

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ከዓመታት በፊት አንድ ማክሰኞ ዕለት ነው። ለስነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪው የቃል ፈተና ቀርቦ የዓይን ስህተትና የቁም ቅዠት በምን እንደሚለያዩ ተጠየቀ። እንደ ውሃ የጠጣው ጥያቄ ነበር።

«ገመድ አይቶ እባብ የመሰለው ሰው ዓይኑ ተሳስቷል፤ ገመዱ ሲነሳ እባቡም ይጠፋል» አለ። «ገመዱ ተነስቶም እባቡ ካልጠፋ ግን...»

በዚያ ትምህርት ክፍል ሰብሳቢው ካፖርቱን ከለበሰ ፈተናው አበቃ ማለት ነው። ሰብሳቢው ጥቁር ካፖርቱን ለበሰ። «ሁለቱ አንድ ናቸው» ብሎ ተማሪውን ጣለው።

ከዚያ ወዲህ ፀጉሩ ሸበተ። በተቀጠረበት ሁሉ ያንን ማክሰኞ እያነሳ ሰው ሲያሰለች ይባረራል። አሁን የሚኖረው ታናሽ እህቱ ቤት ነው። ደጅ ጠንታ ኮሌጅ ውስጥ የማስተማር ስራ አግኝታለታለች፤ የሚጀምረው ነገ ነው። ይቺን ካበላሸ እሷም እንደሚበቃት ነግራዋለች።

ከሰዓት በኋላ ሶፋው ላይ ሸለብ አድርጎት ሲነቃ ሰብሳቢውን ሳሎኑ ጥግ ወንበር ላይ አገኘው። ያው ጥቁር ካፖርት ነው። መጋረጃው ስለተዘጋ ፊቱ በደንብ አይታይም። እህቱ ለማስታረቅ የጠራችው መሰለው።

«ልክ ነበርክ በለኝ» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሌላ አልፈልግም። ነገ ስራዬን በሰላም እጀምራለሁ።»

የሰው ዕድሜ የበላ ሰው ምን አፍ አለው?

እህቱ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛ ገባች።

«ለእንግዳውስ?» አላት።

ወንድሟን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ሦስተኛ ብርጭቆ አመጣች። ስታስቀምጠው ወደ ጥጉ ላለማየት ፊቷን አዞረች። ሰውየው እሷንም አስፈራርቷት ይሆናል ብሎ ደሙ ፈላ።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «የአባባን ካፖርት ልብስ ሰፊው ጋ ልውሰደው። ለነገ በልክህ ያስተካክልልሃል።»

ስለ ልብስ የሚያወራበት ጊዜ አልነበረም፤ ውሰጂው ብሎ በእጁ ምልክት ሰጣት።

እህቱ እንባዋን እየዋጠች ወደ ጥጉ ሄደች። ወንበሩ ላይ የተደረበውን ጥቁር ካፖርት አነሳች፤ አቧራውን አራግፋ ክንዷ ላይ ጣል አደረገችውና ወጣች።

ሰውየው ግን ከወንበሩ አልተነሳም።

«አሁንም ሁለቱ አንድ ናቸው ትለኛለህ?» አለው ወንድምየው። «መልስልኝ እንጂ።»