ድምፅ የሌላት ቀን

ትዝታን እንደ ቪዲዮ ማስቆረጥ በተፈቀደ በሦስተኛው ዓመት፣ መምህርት አልጣሽ እናቷ የሞተችባትን ቀን ልታስወጣ ደብረ ብርሃን ወዳለ አንድ የኤዲቲንግ ቤት ሄደች። ሕጉ ደንበኛ ቃላቱን ሳይረዳ እንዲፈርም ስለማይፈቅድ፣ ኤዲተሩ ናሁሰናይ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረላት።

«ይቺ አንዷ ምስል ፍሬም ትባላለች፤ ሃያ አምስቱ አንድ ሰከንድ ይሆናሉ። ከቆረጥን በመሃል ያለው ሁሉ ይወጣና ጫፍና ጫፉ ይገጠማል።»

አልጣሽ ጠጋ ብላ አየች። እናቷ አልጋዋ ላይ ሆና የአልጣሽን ሹራብ ትቆልፍላታለች። ይህን ማጣት አልፈለገችም።

«ከሥሩ ያለው እንደ ሞገድ የሚዘለው መስመርስ?»

«ድምፁ ነው። ትራክ የሚባል የራሱ መስመር ስላለው ለብቻው ሊጠፋ ይችላል።»

«እንግዲያው ድምፁን ብቻ አጥፋልኝ። እንቅልፍ የነሳኝ ያ ሲቃዋ ነው።»

«አንዴ ሬንደር ከተደረገ፣ ማለትም ለውጡ ትዝታው ላይ ከታተመ፣ መመለስ የለም፣ እትዬ።»

«ገብቶኛል» አለችና ፈረመች።

ሳምንቱን ሙሉ ደህና ተኛች። እሁድ ልጇ ሩሐማ ምስር እየከካች፣ «እማዬ፣ አያቴ በመጨረሻ ስለ እኔ ያለችውን እስካሁን አልነገርሽኝም፤ ምን ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

አልጣሽ ዓይኗን ጨፈነች። የእናቷ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ደነገጠች። «ድምፁን አስጠፍቼዋለሁ፤ ከንፈሯ ብቻ ነው የሚታየኝ» አለች። ቀጥሎም ምን ይሆን ብላ፣ የራሷን ከንፈር እንደ እናቷ ቀስ አድርጋ አንቀሳቀሰች።

ሩሐማ ሥራዋን ትታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። «ድገሚው» አለቻት። አልጣሽ ደገመችው፤ ከንፈሯ መጀመሪያ ሞጠሞጠ፣ ተከፈተ፣ ገጠመና እንደገና ተከፈተ።

«ስሜ ነው!» አለች ሩሐማ። «የመጀመሪያው ቃል ስሜ ነው፣ እማዬ። ቀጥዪ።»